ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክና የዛሬው ተማሪ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን በአንድ ጥያቄ ላይ እንድንናገር ስላዘዘን ዛሬ በፊታችሁ ቆመናል። ጥያቄው አጭር ነው። መሪ ሕዝቡን ሲጥል፣ ሹም አደራውን ሲበላ፣ ተስፋ የተጣለበት ሁሉ ተስፋ ሲያስቈርጥ፣ በእግዚአብሔር የሚያምን ሰው ምን ያድርግ?

ለዚህ ጥያቄ በግቢያችን ሁለት ዐይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው ወገን፣ «እንጸልይ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ጊዜው ሲደርስ እርሱ ያስተካክለዋል» ብሎ ይቀመጣል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ሥርዓቱ ካልተለወጠ ለአንድ ራብተኛ እንጀራ ማቀበል በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው» ብሎ የለውጡን ቀን ይናፍቃል። ሁለቱ ወገኖች በቃል ሲከራከሩ ያመሻሉ፤ በሥራ ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይጠብቃሉ። እነርሱ ሲጠብቁ በአጥር ሥር የሚያድረው ልጅ ዛሬም እዚያው ያድራል።

እኛ በበኩላችን ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእግዚአብሔር ታማኝነት መታመን ማለት እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ማለት አይደለም። ይልቁንም ሰውን ከፍርሃት ፈትቶ ወደ ወደቀው ወንድሙ የሚያስኬድ ኀይል ነው። ለዚህም ምስክር አድርገን የምናቀርበው በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ በአገራችን ስም የተጠራውን ጃንደረባ አቤሜሌክን ነው። በዕብራይስጡ ኩሽ የሚባለው አገር ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ምድር የሚያመለክት ሲሆን፣ የእኛ መጽሐፍ ኢትዮጵያ ብሎ ተርጕሞታል። ታሪኩም በትንቢተ ኤርምያስ በ38ኛውና በ39ኛው ምዕራፍ ይገኛል።

አቤሜሌክ ያገለግለው የነበረው የይሁዳ ንጉሥ ሴዴቅያስ ነው። ሴዴቅያስን በኢየሩሳሌም ዙፋን ላይ ያስቀመጠው የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር ነበር። ይህ ንጉሥ ክፉ ሰው ከመሆኑ ይልቅ ደካማ ሰው እንደ ነበረ ታሪኩን ያነበበ ሁሉ ይረዳዋል። ነቢዩን በስውር እያስጠራ ምክር ይጠይቃል፤ የሰማውን ግን በአደባባይ ለመፈጸም መኳንንቱን ይፈራል። እንዲህ ያለውን መሪ እኛም እናውቀዋለን። እውነቱ ሳይገባው ቀርቶ ሳይሆን፣ እውነቱን ለመናገር አንገቱ ሳይጸናለት ቀርቶ አገር ያጠፋል።

የዚህ መንግሥት ውድቀት በጦር ሜዳ ከመታየቱ በፊት በደካሞች ላይ በተደረገው ነገር ታይቶ ነበር። ባቢሎናውያን ከተማይቱን በከበቡ ጊዜ ንጉሡና ሕዝቡ ዕብራውያን ባሪያዎችን ሁሉ አርነት ለማውጣት በእግዚአብሔር ፊት ቃል ኪዳን ገቡ፤ ጥጃ ቈርጠው በቍራጮቹ መካከል በማለፍ ማሉ። ሕጉ በሰባተኛው ዓመት እንዲለቀቁ ከጥንት ያዘዘ ነበርና አዲስ ነገር አላደረጉም፤ የቈየ ዕዳቸውን ነበር የከፈሉት። ነገር ግን የፈርዖን ሠራዊት ከግብፅ በመውጣቱ ባቢሎናውያን ከበባውን ለጊዜው ቢያነሡ፣ ጌቶቹ የለቀቋቸውን ወንዶችና ሴቶች ይዘው እንደ ገና ባሪያ አደረጓቸው። እንግዲህ አስቡት። አደጋው ሲመጣ የድኻው ወዳጅ፣ አደጋው ሲያልፍ የድኻው ጌታ። ኤርምያስም መንግሥቱ ያበቃለት መሆኑን የተናገረው ስለ ጦር ሠራዊት ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለዚህ ግፍ ጭምር ነው።

መኳንንቱ የነቢዩን ንግግር አልወደዱትም። የወታደሩን ልብ ያደክማልና ይገደል ብለው ወደ ንጉሡ ሄዱ። ንጉሡም እርሱ በእናንተ ላይ ምንም ለማድረግ እንደማይችል ነግሮ ነቢዩን አሳልፎ ሰጣቸው። እነርሱም በግዞት ቤቱ አደባባይ ወደ ነበረው ጕድጓድ በገመድ አወረዱት። ጕድጓዱ ውሃ አልነበረውም፤ ጭቃ ብቻ ነበረ፤ ኤርምያስም ወደ ጭቃው ገባ። ይህ አገዳደል ብልሃት አለው። ሰይፍ አልተመዘዘም፣ ደም አልፈሰሰም፣ ገዳይ ተብሎ የሚጠራም የለም። ሰውዬው በራብና በጭቃ ራሱ ይሞታል። በየዘመኑ ድኻ የሚገደለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ ማንም አይገድለውም፤ ብቻ ይረሳል።

በዚህ ጊዜ አቤሜሌክ ነገሩን ሰማ። ማን ነበር? መጻተኛ ነው፤ ጃንደረባ ነው፤ በቤተ መንግሥት እንጀራ የሚኖር አሽከር ነው። ወገን የለውም፤ ርስት የለውም፤ ልጅ የለውም። ዝም ቢል የሚወቅሰው አልነበረም። ከተማው ሁሉ ዝም ብሏልና ዝምታው ከዝምታው ጋር ተቀላቅሎ ይቀር ነበር። እርሱ ግን ሦስት ነገር አደረገ፤ ሦስቱንም በየተራ እንመልከታቸው።

በመጀመሪያ ተናገረ። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ነበርና ወደዚያው ሄደ። በር ማለት ያን ጊዜ ፍርድ የሚሰጥበት፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት አደባባይ ነው። በጓዳ ሹክ አላለም። እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ያደረጉት ሁሉ ክፉ መሆኑን፣ በከተማይቱም እንጀራ ስላለቀ ሰውዬው በራብ እንደሚሞት ለንጉሡ በፊቱ ነገረው። እኛ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚል ተረት ይዘን ያደግን ሕዝብ ነን። በአገራችን ስም የተጠራው ይህ ሰው ግን ንጉሥን ባይከስም የንጉሥን ሥራ በአደባባይ ከሰሰ። ውጤቱንም ተመልከቱ። ነቢዩን ለመኳንንቱ አሳልፎ የሰጠው ያው ሴዴቅያስ፣ ሠላሳ ሰዎች ይዞ እንዲያወጣው አቤሜሌክን አዘዘው። ደካማ መሪ በመጨረሻ የሰማውን ድምፅ ይከተላል። እንግዲህ ክፉዎች ሲናገሩ ደጎች ዝም ካሉ፣ ለሚደርሰው ጥፋት ተጠያቂው መሪው ብቻ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፣ በእጁ ባለው ነገር ሠራ። ከንጉሡ ግምጃ ቤት በታች ወዳለው ክፍል ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ሰበሰበ። ግምጃ ቤቱ ወርቅ ይዞ ይሆናል፤ ለተጣለው ሰው የጠቀመው ግን ማንም የማይፈልገው ቡትቶ ነው። ገመዱም አዲስ ጥበብ አልነበረም፤ ነቢዩን ያወረዱትም በገመድ ነበር። ገመድ ለመጣልም ለማውጣትም ያገለግላል፤ የሚለየው የያዘው እጅ ነው። እኛ እዚህ የምንማረው የሕግ፣ የሕክምና፣ የምሕንድስና፣ የሒሳብ ትምህርት እንዲሁ ነው። ሰውን ወደ ጕድጓድ የሚያወርዱ ደብዳቤዎች የሚጻፉት በተማረ ሰው እጅ መሆኑን አንርሳ።

ሦስተኛ፣ የተጐዳውን ሰው ክብር ጠበቀ። ይህ ነገር በጣም ያስደንቀናል። የቸኰለ ሰው ገመድ ወርውሮ «ያዝ!» ብሎ ይስብ ነበር። አቤሜሌክ ግን ገመዱ በራብ የከሳውን ሰው ሥጋ እንዳይልጠው አስቦ፣ ጨርቁን በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ለነቢዩ ነገረው፤ ከዚያ በኋላ ሳቡት። የከተማይቱ አጥር ሊፈርስ፣ መንግሥት ሊጠፋ ጥቂት ቀን በቀረበት ሰዓት አንድ ሰው ስለ አንድ እስረኛ ብብት ተጨነቀ። እውነተኛ አገልግሎት ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እግዚአብሔር ታማኝ ከሆነ ከተማይቱን ለምን አላዳናትም? በእርግጥም ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ወደቀች፤ ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ፤ ሴዴቅያስም ተይዞ ልጆቹ በፊቱ ተገደሉ፤ ዐይኑም ጠፍቶ ወደ ባቢሎን ተወሰደ። የእግዚአብሔር ታማኝነት የመሪዎችን ጥፋት እንዳልነበረ የሚያደርግ ምትሐት አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ መካከል ለአንድ መጻተኛ አሽከር የተለየ መልእክት ተላከለት፤ በእግዚአብሔር ስለ ታመነ ነፍሱ እንደምትድን ተነገረው። ልብ በሉ። አቤሜሌክ የጸለየው ጸሎት በመጽሐፉ አልተጻፈም፤ ስለ እምነቱ ያደረገው ንግግርም የለም። እግዚአብሔር እምነት ብሎ የቈጠረለት፣ ለእኛም የተጻፈልን ገመዱና ጨርቁ ነው።

ከትንቢተ ኤርምያስ ጋር ተያይዞ የሚገኘው ተረፈ ባሮክ ደግሞ ይህን ነገር በሌላ ታሪክ ያጐላዋል። ከተማይቱ ከመጥፋቷ በፊት አቤሜሌክ ከሕዝቡ መካከል ለታመሙት በለስ እንዲያመጣ ተላከ። በለሱን ለቅሞ ሲመለስ ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ፤ እንቅልፍም ወሰደው፤ የነቃው ከ66 ዓመት በኋላ ነበር። መንገዱ ጠፋበት፤ ሰዉ ተለዋወጠበት፤ በቅርጫቱ ያለው በለስ ግን ገና እንደ ተቈረጠ ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር። መንግሥት ባለፈበት ዘመን ሁሉ ለበሽተኞች የተለቀመው ፍሬ ሳይበላሽ ቈየ። በእኛ አስተያየት ስለ እግዚአብሔር ታማኝነት ከዚህ የበለጠ ግልጥ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል። ለደካማ ሰው በእርሱ ስም የተደረገ ነገር በመሪ መለዋወጥ አይሻግትም።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ይህ የጥንት ታሪክ ነው የሚል ቢኖር ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ።

በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ሕዝብ በራብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። ሸሽጎ የማይቀረውን ነገር ከሸሸጉት ወገኖች ይልቅ እውነቱን ያወጡት በወቅቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ተቋም የነበሩ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ወደ ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው በግቢው ለሕዝብ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። በዚያው ዘመን ልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ራብተኛውን ለመርዳት አንድ የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ፣ በዋዜማው ማታ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር አጋጥሞ በቴሌቪዥን አሳየ። ሕዝቡም ተቈጣ፤ መቈጣቱም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ምን ሆነ? መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመትና የፓርቲውን ምሥረታ በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በኰረም ሕዝብ በየሜዳው ይረግፍ ነበር። በጥቅምት ወር የውጭ ጋዜጠኞች ያሳዩት ሥዕል ዓለምን እስኪያስደነግጥ ድረስ ነገሩ በበዓሉ ጭብጨባ ተሸፍኖ ቈይቷል። የሌላውን ጕድጓድ በጣቱ ያሳየ መንግሥት የራሱን ጕድጓድ ቈፈረ። የለውጡን ቀን ብቻ የሚጠብቁ ጓደኞቻችን ይህን እንዲያስቡበት እንለምናቸዋለን። ለውጥ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ድኻውን መውደድ ያልተማረ ለውጥ ያው ሴዴቅያስ በሌላ ልብስ መሆኑን ለመናገር ነው።

በዚሁ በደርግ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980፣ ወይዘሮ አበበች ጎበና ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሄዱ። በመንገድ ራብ የጣላቸውን ሰዎች አዩ። በእጃቸው የነበረውን ዳቦና ጠበል አካፈሉ፤ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሹም አላዘዛቸውም፤ በጀት አልተመደበላቸውም። ልጆቹ እየተጨመሩ ሲሄዱ የተደላደለ ኑሮአቸውንና ትዳራቸውን እስከ መተው ደረሱ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በዐረፉ ጊዜ የመሠረቱት ድርጅት ስንቱን እናትና አባት የሌለውን ልጅ ለወግ ለማዕርግ እንዳበቃ አገር ሁሉ መስክሯል። እኒህ እናት ለመሳለም የሄዱት ግሸንን ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ከመንገድ ዳር ተቀበላቸው። ከዚያ መንገድ ዳር ያለፈ ተሳላሚ ሁሉ ያየው አንድ ዐይነት ነገር ነው፤ የተለየው የሚያየውን ሰው ልብ ነው።

ስለ ራሳችን ዘመንም ዝም አንልም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት የሞተውንና የተሰደደውን እግዚአብሔር ይቍጠረው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እንኳ፣ በ2015 ዓ.ም. ለራብተኛ የተላከ እህል ወደ ሌላ እጅ እየገባ በመገኘቱ ዋናዎቹ ረጂዎች እርዳታቸውን በመላ አገሪቱ ለወራት አቋረጡ። የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ፤ ቅጣቱ ግን በተራበው ላይ ወደቀ። ይህን ሰምቶ «ጊዜው ሲደርስ ይስተካከላል» የሚል ሰው፣ እንጀራ ባለቀበት ከተማ በጭቃ ውስጥ ያለውን ሰው ነገ ና እንደ ማለት መሆኑን ይወቀው።

አንዳንድ ወንድሞቻችን እንዲህ ብለው ይከራከሩናል፤ «እናንተ ድኻውን ስትረዱ መንግሥት ከግዴታው ነፃ ይወጣል፤ ቸርነታችሁ የበደለኛውን ዕድሜ ያራዝማል»። ክርክሩ ቀላል አይደለምና በቀልድ አናልፈውም። ቸርነትን የዝምታ ዋጋ አድርጎ የሚጠቀም ሰው በእርግጥ አለ። ነገር ግን አቤሜሌክ በአንድ ቀን ሁለቱንም አድርጓል፤ በበሩ ላይ ክፉውን ሥራ ክፉ ብሎ ተናገረ፤ ከዚያም ገመዱን ሳበ። ተናግሮ ገመዱን ቢተው ኖሮ ነቢዩ ጥሩ ንግግር እየሰማ ይሞት ነበር። ገመዱን ብቻ ይዞ ቢሄድ ኖሮ ደግሞ መኳንንቱ እንደ ገና ይጥሉት ነበር። ስለዚህ ፍትሕን መጠየቅና የወደቀውን ማንሣት እንደ ሁለት እጅ ናቸው፤ በአንድ እጅ ገመድ አይሳብም።

እንግዲህ ከቃል ወደ ሥራ እንለፍ። ለማኅበራችን አራት አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በግቢያችን ዐይነ ስውራን ጓደኞቻችን አሉ። የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ ከመኝታ ቤት ወደ መኝታ ቤት ሲዞሩ ማየት ያሳፍራል። እያንዳንዳችን በሳምንት ሁለት ሰዓት ለንባብ እንመዝገብ፤ የተመዘገበም ሰው እንደ ክፍል ሰዓቱ ያክብረው።

ሁለተኛ፣ መኝታችንን የሚጠርጉልን፣ ወጣችንን የሚሠሩልን፣ በሌሊት በራችንን የሚጠብቁልን እናቶችና አባቶች ልጆች አሏቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እነዚህን ልጆች ሒሳብና ቋንቋ ለማስተማር ከዕውቀታችን በቀር ምንም ወጪ አያስፈልገንም።

ሦስተኛ፣ በየወሩ ከኪሳችን እየቈጠብን ለተፈናቃዮችና ለጎዳና ልጆች የሚውል አነስተኛ ሣጥን እናቋቁም። ነገር ግን ገቢውና ወጪው በየወሩ መጨረሻ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሹሙን በአደራ በላነት የምንወቅስ ሰዎች የራሳችን መዝገብ ተከድኖ ሊቀመጥ አይገባም።

አራተኛ፣ ደካማ ሲገፋ ባየን ጊዜ ወደ በሩ እንሂድ። አቤቱታችን የተጣራ ማስረጃ ያለው፣ ቃሉ የታረመ፣ የፈራሚው ስም ያልተደበቀ ይሁን። በስድብ የተሞላ ወረቀት ጸሐፊውን ያስደስታል እንጂ ጕድጓድ ውስጥ ያለውን ሰው አያወጣም።

በእነዚህ ሁሉ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። ጨርቁን አንርሳ። ለአንድ ድኻ ዳቦ ሰጥቶ ፎቶግራፉን በየስልኩ የሚያዞር ሰው ገመዱን አውርዷል፤ ጨርቁን ግን ረስቷል፤ የሳበውን ሰው ብብት ልጦታል። የምንረዳው ሰው ስም አለው፤ ማዕርግ አለው፤ እናቱ «አንተ» ስትለው የኖረች ብትሆን እንኳ እኛ «እርስዎ» ልንለው የሚገባ ሰው ሊሆን ይችላል። እንኳን ሰጪው፣ የተሰጠውም ነገር የእግዚአብሔር ነውና መመጻደቅ አያምርብንም።

ንግግራችንን እዚህ ላይ እንፈጽማለን። መሪዎቻችን ይበረቱ ዘንድ እንጸልያለን፤ ሲሳሳቱም እንነግራቸዋለን። ነገር ግን እምነታችንን በእነርሱ ብርታት ላይ አንሠራውም፤ በድካማቸውም ምክንያት አንጥለውም። የእግዚአብሔር ታማኝነት ዛሬም ወደ ድኻው የሚደርሰው ሰው በሚባል መልእክተኛ እጅ ነው። መልእክተኛው ከተኛ መልእክቱ ይዘገያል። ስለዚህ የንባቡ መዝገብ ዛሬ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ እርሳስም አለ። ስትወጡ ስማችሁን ጻፉ።

ልዑል እግዚአብሔር ለመሪዎቻችን ማስተዋልን፣ ለእኛም የአቤሜሌክን ልብ ይስጠን።